ወፍጮዬ የጨመረበት

ደባርቅ ኅዳር ላይ ብዙም ጉም አያውቃትም። ሽማግሌው ድንጋዩን ይዘው የመጡ ዕለት ግን ከተማዋ በወተት ውስጥ እንደተነከረች ነበረች። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ያሉት ባሕር ዛፎች ግንዳቸው ብቻ ይታያል፤ ቅርንጫፋቸው የለም። ባጃጆች ድምፃቸው እንጂ መልካቸው አይመጣም። እኔ የአፈር ናሙና እየመዘንኩ፣ በዚያ ነጭ ጸጥታ ውስጥ ግማሽ ልቤ ተኝቶ ነበር።

በዚያን ጊዜ የምሠራው ከከተማው ዳር፣ ወደ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ አጠገብ በሚገኝ ትንሽ የአፈር መመርመሪያ ውስጥ ነው። ገበሬዎች በግብርና ሠራተኞች በኩል አፈር ይልካሉ፤ እኔ አደርቃለሁ፣ እፈጫለሁ፣ እነፋለሁ፣ ከዚያ አሲዳማነቱንና የጎደለውን ነገር ጽፌ እመልሳለሁ። ኃላፊያችን አብዛኛውን ጊዜ መስክ ላይ ስለሆነ ክፍሉ የእኔ ነበር ማለት ይቻላል። ብቸኝነቱን እወደው ነበር። ከወጣትነቴ ጀምሮ ሳይንስ የምወደው ስለሚያስደንቀኝ ነው፤ ሥራዬ ግን ከዓመት ዓመት የገብስ ማሳ አፈር ነበር።

ሽማግሌው በሩን በከዘራቸው አንኳኩና ሳይጠብቁ ገቡ። ጋቢያቸው በጉሙ ረጥቧል። ከብብታቸው ሥር የማዳበሪያ ከረጢት ይዘዋል።

«ልጄ፣ አፈር ትመረምሪያለሽ አሉኝ።»

«አዎ አባቴ፣ ይቀመጡ።»

«ያመጣሁልሽ ግን አፈር አይደለም።»

ተቀመጡ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ከዚያ የሆነውን እንደ ገጠር ሽማግሌ ዝግ ብለው፣ አንድም ነገር ሳይዘሉ ነገሩኝ። እርሻቸው ከዳባት ወደ ገደሉ ወረድ ብሎ ነው። ገብሱ ስለደረሰ ጭላዳ እንዳይጨርሰው ገና ጎህ ሳይቀድ ማማቸው ላይ ይወጣሉ።

«ከማማው ሆኜ ፊቴን ወደ ሰሜን ጋራ አድርጌያለሁ። ምሥራቁ ገና ግራጫ ነው። ያኔ ብርሃን መጣ። እሳት አይደለም፤ እሳትማ አውቃለሁ። የወተት መልክ አለው፤ ዳር ዳሩ ወደ አረንጓዴ ይላል። ድምፅ የለውም። መንገድ እንደማይቸኩል ሰው ዝግ ብሎ በላዬ አለፈና ከእርሻዬ ታችኛው ጥግ ላይ ዝቅ ብሎ ጠፋ።»

«ድሮን ይሆን እንዴ?» አልኩ። በዚያ ዓመት ሰው ሰማይ ላይ ያየውን ሁሉ ድሮን ነበር የሚለው።

«ድሮን ይጮኻል፣ ልጄ» አሉ፤ ፊታቸው አልተለወጠም። «እሱን ሁላችንም ለይተን አውቀናል።»

ሲነጋ ብርሃኑ ወደወረደበት ጥግ ሄዱ። ገብሱ እዚያ ቦታ ላይ፣ የአውድማ ያህል ስፋት ባለው ክብ ውስጥ፣ አጭርና የገረጣ ሆኖ አገኙት። መካከሉ ላይ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። ቤት ሲወስዱት ባለቤታቸው ፈርተው አላስገባም አሉ። የንስሐ አባታቸው ተጠርተው መጡና ጠበል ረጩበት። «ከእግዚአብሔር ከሆነ ይባረክ፣ ካልሆነም ይልቀቅ» ብለው ነው የሄዱት።

ከረጢቱን ፈቱ። ድንጋዩ በገብስ ጭድ ተጠቅልሏል። ጡጫ ያህላል፤ አንዱ ጎኑ እንደቀለጠ ሰም ፈስሶ የረጋ ነው፣ ሌላው ጎኑ እንደ ዳቦ ውስጥ ተቦርቡሯል። ወደ መስኮቱ ሳዞረው ጥቁረቱ ላይ ሰማያዊና ወርቃማ ነገር ይንሳፈፋል፤ ውኃ ላይ የዘይት ጠብታ ሲፈስ እንደሚታየው ዓይነት።

በሥራችን ደንብ ናሙና በባዶ እጅ አይነካም። ጓንት አጥልቄ ነበር። ነገር ግን ጓንቱን አወለቅሁ። ዛሬም ስለዚያ ቅጽበት ሳስብ እጄ መጀመሪያ፣ አእምሮዬ ከኋላ የደረሰ ይመስለኛል። ልነካው ፈለግሁ፤ በቃ። ቀዝቃዛ ነበር፣ እንደ ማንኛውም የኅዳር ድንጋይ። እኔ ግን ከሩቅ የመጣ ነገር እንደነካሁ ተሰማኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ምንድን ነው?» አሉኝ ሽማግሌው።

«አላውቅም፣ አባቴ። ግን እንመረምረዋለን።»

የአውራ ጣት ያህል ቁራጭ ፈልጬ አስቀረሁ፤ ቀሪውን መልሼ በጭድ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። እሳቸው ከወጡ በኋላ ቁራጩን ተገዝቶ ከመጣልን ሁለት ወር ባልሞላው አዲስ የናሙና መፍጫ ውስጥ ጨመርኩት። የሚያምር ማሽን ነበር፤ ከባድ ክዳን ያለው ጽዋ አለው፣ ሲሽከረከር ያጓራል። ከቆይታ በኋላ ድንጋዩ እንደ ኩል የላመ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ወጣ። በሁለት ንጹሕ ብልቃጥ ከፍዬ አስቀመጥኩት።

ፎቶውን በቴሌግራም ለምናወራ ጥቂት የሳይንስ መምህራንና ባለሙያዎች ላክሁ። ማን ለማን እንዳስተላለፈው አላውቅም፤ በሳምንቱ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል መዝኖ ያወጣል። ሰማይ ላይ ስለሚታዩ ምንነታቸው ስላልታወቀ ነገሮች ለብዙ ዓመት መረጃ ሲሰበስብ እንደኖረ፣ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋርም ማኅበር ቢጤ እንዳላቸው ነገረኝ። «ብርሃን ያየ ሰው ብዙ ነው» አለኝ። «በእጅ የሚያዝ ነገር ያገኘ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።»

በአምስተኛው ቀን ደባርቅ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ሲወርድ ተቀበልኩት። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነው፤ ጋሼ እያልኩ ነው የጠራሁት። ዕድሜውን ሁሉ አውሮፕላን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ቦርሳው ውስጥ ሜትር፣ አጉሊ መነጽር፣ ንጹሕ ነጭ ፖስታዎችና ማስታወሻ ደብተር አለው። መመርመሪያው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጥያቄ ሲጠይቀኝ ሐኪም ፊት የተቀመጥኩ ነበር የመሰለኝ።

«ድንጋዩን ማን ማን ነክቶታል?»

«ሽማግሌው። ምናልባት ባለቤታቸው። ቄሱ ጠበል ረጭተውበታል። እኔም።»

«አንቺ በጓንት ነው?»

«በጓንት።»

ይህ ውሸት ከአፌ የወጣው ቀሎኝ ነው። እንዳፈርኩ እንኳ አላስተዋልኩም።

«በምን ፈጨሽው?»

«በማሽኑ።» በጣቴ አሳየሁት። ተነሥቶ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «በማሽን» ብሎ ጻፈ። ማሽኑ ከምን እንደተሠራ እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አላሰብኩ።

ዳባት ወርደን ሽማግሌው ዘንድ ሄድን። ገብሱ ታጭዶ ነበር፤ ክቡ የለም፣ ነዶው ተነሥቶ ቆረኑ፣ የታጨደው አገዳ ሥር፣ ብቻ ነው የቀረው። ጋሼ ከሽማግሌው ጋር ማማው ሥር ተቀምጦ የብርሃኑን ነገር ሦስት ጊዜ አስነገራቸው፤ ቁመቱን፣ አካሄዱን፣ መልኩን። ሲመለስ ከአንዱ ብልቃጥ ዱቄቱን ይዞ ሄደ። ውጭ አገር ያለ አንድ ወዳጁ በታላቅ ላቦራቶሪ ሊያስመረምርለት ቃል ገብቶለታል።

አውቶቡሱን ስንጠብቅ አንድ ነገር ነገረኝ። ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ አንድ ማለዳ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በላይ የቆመ ነገር አይቷል። ለአለቆቹ ሪፖርት ጻፈ። ሳቁበት። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ኮሪደር ላይ ሲያልፍ «ሰማይ እንዴት አደረ?» ይሉት ነበር። ይህን ሲነግረኝ ፈገግ ብሎ ነው፤ ዓይኑ ግን ፈገግ አላለም።

ወራት አለፉ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ድምፁ ስለተለወጠ መጀመሪያ አላወቅሁትም።

«ተገኘ» አለኝ። «ሰምተሽኛል? ተንግስተን አለው። ኮባልት አለው። ሁለቱ ብረቶች አብረው፣ እንዲህ ባለ መጠን፣ በተፈጥሮ ድንጋይ ውስጥ አይገኙም ነው የሚሉት። ‹ይህን ከየት አመጣችሁት?› ብለው ጠየቁኝ።» ቁጥሮቹንም አንድ በአንድ አነበበልኝ።

አዲስ አበባ ላይ ማኅበሩን ሰብስቦ ሌሎችንም ጋብዞ ሊናገር ነው፤ እኔም ከጎኑ ቆሜ እንዴት እንደመረመርኩት እንድገልጽ ጠየቀኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት የማስታውሳቸው እንደ ሕልም ነው። የደባርቅን ገበያ ሳቋርጥ የገብስና የባቄላ ክምሩ፣ የበቅሎዎቹ ጆሮ፣ የሴቶቹ ጥላ፣ ሁሉም ነገር አሁን ገና የተሠራ ይመስል ነበር። ቀና እያልኩ ስሄድ ከሰው ጋር እጋጫለሁ። እኛ ሳናውቅ በላያችን የሚያልፍ ነገር አለ፤ ከዚያም ጥቂቱ እጄ ውስጥ ወድቋል። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ሥራዬ ነው። አንድ ማክሰኞ መፍጫውን ሳጸዳ የጽዋው ክዳን ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ጭረት አየሁ። አሸዋ የበዛበት አፈር ስንፈጭበት ቆይተናል። ምን ያህል ቢያልቅ እንደሚቀየር ለማወቅ ከማሽኑ ጋር የመጣውን መመሪያ አወጣሁ። ካርቶኑ ውስጥ ታጥፎ የቀረ፣ ማንም ያልገለጠው መጽሐፍ ነው። ስለ ጽዋው የሚናገረው ገጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጽዋው ጠንካራ እንዲሆን ከተንግስተንና ከካርቦን ተሠርቷል፤ የሚያያይዘውም ኮባልት ነው። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል እነዚህ ነገሮች በጥቂቱ ወደ ናሙናው ሊገቡ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል።

መመሪያውን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለአፈር ሥራችን ምንም ለውጥ አያመጣም፤ ማንም ገበሬ ተንግስተን ለኪልኝ ብሎኝ አያውቅም። ለዚያ ጥቁር ዱቄት ግን ሁሉ ነገር ነው። ጋሼ ከሌላ ዓለም የመጣ ምልክት ብሎ የያዘው ነገር የእኔ ወፍጮ ፍቅፋቂ ሊሆን ይችላል።

«ሊሆን ይችላል» በሚለው ቃል ላይ ሦስት ቀን ተንጠለጠልኩ። በአራተኛው ቀን የታጠበ ነጭ አሸዋ አመጣሁ። ንጹሕ ስለሆነ ውስጡ ሊገኝ የሚገባው አሸዋ ብቻ ነው። ግማሹን በማሽኑ ፈጨሁ። ግማሹን ደግሞ ከጠንካራ ድንጋይ በተቀረጸች ትንሽ ሙቀጫ ክንዴ እስኪዝል ወቀጥኩ። ሁለቱን ሌላ ከተማ ላቦራቶሪ ውስጥ ለምትሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ላክሁ። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

በሁለት ሳምንት መልሱ መጣ። የተወቀጠው አሸዋ፣ አሸዋ ነው። የተፈጨው ግን ተንግስተንና ኮባልት አለው፤ የሁለቱ ምጣኔም ጋሼ ካነበበልኝ ውጤት ጋር አንድ ነው። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መሳቢያውን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ እንደገና ዘጋሁ። ስልክ አንሥቼ ቁጥሩን እጽፍና እተወዋለሁ። ኮሪደሩ ላይ የሳቁበት ሰዎች ይታዩኛል።

በመጨረሻ እሱ ራሱ መጣ። ከስብሰባው በፊት ሽማግሌውን በቪዲዮ ሊቀርጽ ፈልጓል። ጠዋት ያረፈበት ሆቴል ሄድኩ። በረንዳው ላይ ሻይ ይዞ ተቀምጧል፤ አዲስ ኮት ለብሷል። ለስብሰባው ያሰፋው መሆኑን ነግሮኝ እጅጌውን አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ድንጋዩን የነካሁት በጓንት አልነበረም» አልኩት።

ሳቀ። «ይህን ነው እንዲህ ጠውልገሽ የመጣሽው? የሰው እጅ ተንግስተን የለውም፣ ልጄ።»

«እጄስ የለውም። ወፍጮዬ ግን አለው።»

ሁለቱንም ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፤ የመመሪያውን ገጽና የአሸዋውን ውጤት። መነጽሩን አደረገ፣ አነበበ። ከቦርሳው የራሱን ውጤት አውጥቶ አስተያየ። በወረቀቱ ዳር ላይ ሁለቱን መጠኖች በእርሳስ አካፈለ። ያንኑ ቁጥር አገኘ። እንደገና አካፈለ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አሸዋውን ከላክሁ... ውጤቱ በእጄ ከገባ ዐሥር ቀን ሆኖታል።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ደስ ብሎኝ ነበር» አልኩት። «እርስዎም ደስ ብሎዎት ነበር።»

ተነሥቶ ወጣ። ከኋላው ልሂድ ወይስ ልቅር እያልኩ ቆየሁና ተከተልኩት። ወደ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ ዳር ይሄዳል፤ ጠዋት ላይ የሚነሣው ጉም በሸለቆው በኩል እየተንሳፈፈ መጥቶ ጉልበቱ ድረስ ውጦታል። ከፓርኩ ውስጥ፣ ከጨነቅ የሚመለሱ በቅሎ ነጂዎች ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ሰላም ይሉታል፤ እሱም ኮፍያውን እያነሣ ይመልሳል። ቆመና ዞረ። ፊቱ ከለበሰው አዲስ ኮት ጋር አይሄድም ነበር።

«ስለፈጨነው ነው እንጂ» አለ ለራሱ እንደሚያወራ። «ያልተፈጨው ድንጋይ አሁንም ሽማግሌው ዘንድ አለ፣ አይደለም?»

«አለ።»

«እንግዲያው ገና አላወቅንም። ነይ እንሂድ።»

በዚያው ቀን ዳባት ወረድን። ሽማግሌው ድንጋዩን ከጎተራው ሥር አውጥተው ሰጡን። ጭዱ አሁንም አልተፈታም። ይህን ጊዜ ጓንት አጠለቅሁ፤ ጋሼ እጄን እያየ ነበር። ከላዩ የተነካካውን ፈልጬ ጣልኩ፤ ከውስጡ ማንም ያልነካውን ፍርፋሪ በሙቀጫዬ ወቀጥኩ። ከአጠገቡም የአሸዋ ናሙና አስቀመጥኩ፤ ከእንግዲህ ያለ አሸዋ ምንም ነገር አልክም ብያለሁ። ጋሼ ስብሰባውን አራዘመ።

ይኸኛው ውጤት ሲመጣ የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረበትም። ብዙ ብረት፣ አሸዋ፣ ጥቂት ኖራ፣ የከሰል ቅንጣት። ጓደኛዬ ለአንድ የድንጋይ ምሁር አሳይታው ኖሮ ከሥሩ በእጇ ጽፋልኛለች፤ ይህ በከሰል ምድጃ ብረት ሲቀልጥ የሚተርፈው ዝቃጭ ነው። እኛ አገር የብረት አር የሚሉት።

ለሽማግሌው ማን ይንገራቸው? ጋሼ «አብረን» አለ። የክረምቱ መግቢያ ላይ ነበር። እቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠን እኔ ጀመርኩ፤ ዙሪያውን እየዞርኩ፣ ቃል እየመረጥኩ። ጨርሼ ስበቃ ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጠሩ። የተቆጡ መሰለኝ።

«የብረት አር» አሉ። «ከዚያ ጥግ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

ከዘራቸውን ያዙና ተነሡ። «ተከተሉኝ።»

ታችኛው ጥግ ላይ ስንደርስ አዲስ የታረሰ መሬት ነው። እኔ በሙያዬ ማየት የነበረብኝን ያኔ አየሁ። አፈሩ ከሌላው ማሳ ይልቅ ጥቁር ነው፤ ክብ ሆኖ ጥቁር። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዘገንኩ፤ ከሰልና አመድ የተቀላቀለበት፣ ትንንሽ ጥቁር ጠጠር የሞላበት። እዚህ ላይ ገብስ መገርጣቱ ምን ይገርማል? ከብርሃኑ በፊትም እንዲሁ ገርጥቶ ነበር፤ ግን ያኔ ጎንበስ ብሎ ያየው አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን ከድንጋዩ ይልቅ አፈሩን ብጠይቅ ኖሮ ያን ሁሉ መንገድ ባልሄድን።

«ይህን ጥግ አርሼው አላውቅም ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ያለፈው ዓመት ነው ልጄ ‹ለምን ጦሙን ያድራል?› ብሎ ሞፈሩን ያሳለፈበት። እኔ ትቼው ነበር።»

«ለምን?» አለ ጋሼ።

«የጎረቤታችን የብረት ሥራ ቤት ነበራ! ቤተ እስራኤል ነበሩ። የአባቴ ማረሻ በዶለዶመ ቁጥር የምላክ እኔ ነበርኩ። ወናፉን እንድነፋ ይፈቅዱልኝ ነበር፤ ልጃቸውና እኔ በተራ እንነፋለን። ብረቱ ሲቀልጥ ከሥር የሚወጣውን ይህን ጥቁር ነገር እዚህ ይጥሉት ነበር። እኔና ልጁ ውስጡ ያለውን ቀስተ ደመና እየፈለግን እንወራረድ ነበር።» መዳፋቸው ላይ አንዱን ጠጠር አንሥተው አገላበጡት። «በዚያ በክፉው ጊዜ አንድ ጠዋት ማረሻ ይዤ ስመጣ ምድጃው ቀዝቅዟል። በሱዳን በኩል ሄደዋል። ደኅና ዋል ማለት እንኳ ያስፈራ ነበር መሰለኝ፤ አልነገሩንም። በኋላ መሬቱ ሲደለደል ለእኛ ደረሰ።»

«ታዲያ ድንጋዩን ሲያዩት አላወቁትም?» አልኩ።

ጠጠሩን በጣታቸው አሹት። «እጄ ያወቀው ይመስለኛል» አሉ። «ግን ብርሃን ካየሁ በኋላ ነዋ ያነሣሁት። ሰማይ ሰማይ ሲያሰኘኝ መሬቱ ጠፋኝ።»

ፀሐይ ከደመና ወጥታ ጥቁሩ አፈር ላይ አረፈች፤ እዚያም እዚያም ትንንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። ሦስታችንም ሳንነጋገር ጎንበስ ብለን መልቀም ጀመርን። ሽማግሌው ያለቅሱ ነበር፣ ግን እንደሚያለቅስ ሰው አልነበሩም፤ ላብ እንደሚጠርግ ሰው ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ዳበስ እያደረጉ ይለቅማሉ። የለቀምነውን ከማሳው ዳር ካለው ካብ ላይ ደረደርነው።

ጋሼ ደብተሩን አወጣ። የሚሰርዝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሽማግሌውን «ብርሃኑንስ አሁን እንዴት ያስታውሱታል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እንዳየሁት» አሉ። «ድንጋዩ የጎረቤቴ ነው። ብርሃኑን ግን አይቻለሁ፤ አንቱ አታምኑኝም?»

«አምንዎታለሁ» አለ ጋሼ። «ምን እንደነበረ አላውቅም እንጂ አምንዎታለሁ።»

ስብሰባው ተደረገ። እኔም ሄድኩ። ጋሼ ያን አዲስ ኮት ለብሶ ሰው በሞላበት አዳራሽ ቆመና ከመጀመሪያው ጀምሮ ተናገረ፤ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ወፍጮው፣ ስለ አሸዋው። ጓንቱን እኔ እንድናገር ተወልኝና ተናገርኩ። ከፊት ረድፍ የነበሩ ሁለት ሰዎች ተቆጥተው ወጡ። አንዱ «ተጽዕኖ ተደርጎባችኋል» ብሎ ጮኸብን። ከኋላ የተቀመጡ ደግሞ ሳቁ። ጋሼ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና «ቀጥዬ ስለ ብርሃኑ እናገራለሁ፤ እሱ ገና አልተፈታም» አለ። ስንወጣ «ያን ጊዜ ሪፖርቴን ስጽፍ ያየሁትንና ያሰብኩትን ቀላቅዬው ነበር» አለኝ። «ቢስቁብኝም ጥቂት ያህል እውነት ነበራቸው።» ወዲያው ደግሞ «ጥቂት ብቻ» አለና በእውነት ሳቀ።

ሽማግሌው ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም አረፉ። ለቀብሩ ዳባት ስደርስ ጋሼ ቀድሞኝ ደርሷል፤ በአውቶቡስ ተጉዞ ጎንደር አድሮ ነው የመጣው። ነጠላውን አዘቅዝቆ ከገበሬዎቹ መካከል ቆሟል፤ ሰዎች «እኒህ ማን ናቸው?» ሲባባሉ እሰማለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ባለቤታቸው፣ ያኔ ድንጋዩን አላስገባም ያሉት፣ በመካከላችን ተቀመጡና የሁለታችንንም እጅ ያዙ።

«ለልጅ ልጆቹ ሁለቱንም ያወራላቸው ነበር» አሉን። «ብርሃኑን ለብቻው፣ የጎረቤታችንን ምድጃ ለብቻው። ልጆቹ ሊያገናኙት ሲሉ ይቆጣል። ‹አትቀላቅሉብኝ› ይላል።»

ጋሼ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማቸው። ከዚያ አንድ ሴት ንፍሮ ይዛ መጣች፣ ሦስታችንም ዘገንን፤ ከውጭ የገቡት አልቃሾች ድንኳኑን እስኪሞሉት ድረስም እዚያው ተቀምጠን ቆየን።